ጭቃ ላይ የታተመ መስቀል

ሐምሌ በገባ በአንዱ እሁድ፣ የደብሩ አለቃ አባ ክንፈሚካኤል ከቅዳሴ ወጥተው በዐጸዱ ሲያልፉ ድንገት በአንድ እግራቸው ቆመው ቀሩ። ሌላውን እግራቸውን አንሥተዋል፤ የሚያሳርፉበት ግን አጡ። ከፊታቸው ጭቃው ላይ መስቀል አለ። ከመስቀሉ ቀጥሎ ሌላ መስቀል። በግራ ቢያዩ መስቀል፣ በቀኝ ቢያዩ መስቀል። ቅዳሴ የመጣ ሰው ሁሉ በእግሩ አትሞት ሄዷል። ዲያቆናት መጥተው ወደ ሣሩ እስኪያሻግሯቸው ድረስ አለቃው እንደ ሳቢሳ ወፍ በአንድ እግር ቆመው ቆዩ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የዳኘውን ስም ያልጠራ አፍ አልነበረም። ለምርቃት የጠራው ግን የለም።

ዳኘው ጎማ ጋጋሪ ነው። ስሙን ያወጣለት ገበያው ነው። በቡሬ መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ በከለላት ቤቱ ውስጥ፣ ሥራውን ከተማረበት ከአስመራ ጭኖ ያመጣት መጭመቂያ አለችው። ጥሬ ጎማ ከዲን ጋር ያሻል፣ እንደ ሊጥ ይጠፈጥፋል፣ ውስጡ በተቦረቦረ የብረት ፎርማ ይከትታል፣ ፎርማውን በቡሎን ያጠብቅና መጭመቂያው ሥር አስገብቶ ከላይም ከታችም ከሰል ያነድበታል። ፎርማው ሲከፈት ጎማው የብረቱን ቅርጽ ይዞ ይወጣል፤ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ መሃል የሚገባው የመኪና ቦኮላ፣ የወፍጮ ሞተር መቀመጫ፣ የቧንቧ ቀለበት። ሰዓት የለውም። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ስለነበር ከሰሉን ለኩሶ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ይደግማል፤ ውዳሴው ሲያልቅ ጎማው በስሏል። ውዳሴው ከቀን ቀን ርዝመቱ ስለሚለያይ፣ የአውቶቡስ ሾፌሮች ቦኮላ ሲገዙ «የየትኛው ቀን ነው?» ብለው ይጠይቁታል። እሱም አይስቅም። የማክሰኞውን ማክሰኞ፣ የሐሙሱን ሐሙስ ይላል።

ከአስመራ ተመልሶ ሥራ በጀመረ ሰሞን ግን የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። ዲን ሲቃጠል ይሸታል። እሳት፣ ብረትና ዲን የሚሸት ሰው ደግሞ በጎጃም አገር ቀጥቃጭ ይባላል፤ ቀጥቃጭ ከተባለ ቡዳ መባሉ አይቀርም። እናቶች በደጁ ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ መሸፈን ጀመሩ። አባቱ አራሽ፣ አያቱ ቄስ እንደነበሩ የሚያውቁት ሳይቀሩ ሸፈኑ። ዳኘው አንጀቱ አረረ። ሰው ሁሉ የእሱን ጎማ በገጠመ መኪና ተሳፍሮ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል፤ ሠሪውን ሲያይ ግን ልጁን ይሸፍናል!

በዚህ ንዴት ነው ያን ጊዜ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ዘንድ የሄደው። መሪጌታ በልጅነቱ ዜማ ያስተማሩት፣ አለንጋቸውን እስከ ዛሬ በጀርባው የሚያስታውሳቸው መምህር ናቸው። ሲሳሳቱ የታዩ ሰው አይደሉም፤ ቢያንስ ተማሪ ፊት።

«የኔታ፣ ቡዳ አሉኝ» አላቸው።

መሪጌታ በመቋሚያቸው ጫፍ አመድ ላይ አራቱ ክንዱ እኩል የሆነ መስቀል ሣሉ።

«ይህን ከእጅህ በሚወጣው ሁሉ ላይ አድርግበት» አሉ። «ቡዳ መስቀል አይቀርጽም። ይህን አይቶ የሚጠራጠርህ ካለ እኔ ጋ ላከው።»

ሠራ። በየፎርማው ላይ መስቀሉን በመሮ ቦረቦረ፤ በየቦኮላው ላይ መስቀል አብጦ ወጣ። ሰዉ ቀስ በቀስ ነጠላውን ከልጆቹ ፊት አነሣ። ዳኘው አገባ። ሚስቱ ደስታነሽ የጅጋ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ሊሰጡት እሺ ያሉት ሽማግሌ ከላከባቸው በኋላ ሳይሆን አንድ ቦኮላ ልኮላቸው መስቀሉን በዐይናቸው ካዩ በኋላ ነው ይባላል።

ከዚያ የጫማውን ነገር አሰበ። ክረምት ሲገባ የዚህ አገር ጭቃ ሰውንም ከብትንም እኩል ነው የሚጥለው። ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ የሚሠራው በረባሶ ሙልጭ ያለ ነው፤ የአዲስ አበባው ኮንጎ ጫማ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል። ዳኘው በጋውን ሙሉ ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ አጎንብሶ አንድ የሶል ፎርማ ቀረጸ። ጭቃ የሚቆነጥጥ ጥርስ ያለው ሶል! ፎርማው ሊያልቅ ሲል ግን እጁ ቆመ። ተነሥቶ መሪጌታ ዘንድ ሄደ።

«የኔታ፣ ጫማ ልሠራ ነው። ጫማው ላይም ላድርገው?»

መሪጌታ ቅኔ እየነገሩ ነበር፤ ተማሪው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በሐሳባቸው መሃል የገባባቸውን ሰው ባያዩት ይወዱ ነበር።

«ሁሉም ላይ አልሁህ እኮ! ሁሉም ማለት ሁሉም ነው። አንድ ነገር ስንት ጊዜ ይነገርሃል? በል ሂድ።»

ሄደ። መስቀሉን ሶሉ ተረከዝ ላይ አደረገው። ብረቱ ላይ የጎደጎደው ጎማው ላይ ያብጣል፤ ጎማው ላይ ያበጠው ደግሞ ጭቃው ላይ ይጎደጉዳል። ይህን የመጨረሻውን ነገር መሪጌታ አላሰቡትም፤ ዳኘውም አላሰበው። በጋ ነበራ።

ሶሉ እንደ ጉድ ተሸጠ። የጅጋ ገበያተኛ፣ የቡሬ ነጋዴ፣ የገጠሩ ገበሬ ሁሉ ገዝቶ በጠፍር ሰፋው። አንዳንዱ እንዲያውም እባብ አያስቀርብም ብሎ ነው የገዛው። ከዚያ ዝናቡ መጣ።

ሰኞ ጠዋት ሰው ሶሉን ተሸክሞ ዳኘው ደጅ ላይ ይወረውር ጀመር። አሽካክቶ የሚወረውር ነበረ፣ እያማተበ የሚወረውር ነበረ። ጎረቤቱ ጠላ ሻጯ ካሰች ደጇ ላይ ቆማ ታያለች።

«አያ ዳኘው!» አለችው። «መስቀል አስረግጠህ እኔ ቤት የሚመጣውን ጠጪ ሁሉ ከሃዲ አደረግኸው። ትላንት ከቤቴ የወጣ ሰው መንገድ ላይ የራሱን ዱካ አይቶ ተንበርክኮ ሲሳለም ሌላው ወደቀበት።»

«ጠላሽ ነው የጣለው።»

«ጠላዬስ መስቀል የለበትም!»

ዳኘው የተወረወረውን ሶል እየለቀመ ከፊቱ ይቆልላል። በሰዉ አልተናደደም ገና፤ እውነት አላቸው፣ መስቀል ጭቃ ላይ አይረገጥም። እሱም ዱካውን ባየ ጊዜ ደንግጦ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ነው ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው። መሮውን አንሥቶ ከፎርማው ላይ መስቀሉን ሊያጠፋው ተቀምጦ ሳለ ከደብሩ ጠሩት።

አባ ክንፈሚካኤል ቁጡ ሰው አይደሉም። በአንድ እግር ባስቆማቸው ሰው ላይ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከሽማግሌዎቹ ጋር ደጀ ሰላም ተቀምጠው፣ መሪጌታም በቀኛቸው ነበሩ።

«ልጄ፣ ይህን ማን መከረህ?» አሉት።

«መሪጌታ ናቸው» አለ ዳኘው። ምንም ክፋት አላሰበም። የጠየቁትን ነው የመለሰው።

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ በዝግታ ዞር አሉ።

«እኔ? እኔ ስለ ጎማ ምን አውቃለሁ?»

ዳኘው ሳቀ። የሚቀልዱ መስሎት ነው። ፊታቸውን አየ፤ አልሳቁም።

«የኔታ፣ ‹ሁሉም ላይ› አላሉኝም? ‹ሁሉም ማለት ሁሉም ነው› አላሉኝም?»

«ስማ፣ አንተ! ዕድሜዬን ሙሉ መስቀል ስሳለም የኖርሁ ሰው ነኝ፤ በጫማ ርገጡት የምል ይመስልሃል?»

«ይሉማ! ብለዋልም!» ዳኘው ጮኸ። «የሐሰት ምስክር ለመሆን ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል ብዬ ነበር፤ እርስዎ ብቻዎን ቻሉት!»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ። ደብሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል፣ ለመምህር፣ በተማሪ አፍ! ከዚያ ወዲያ ስለ መስቀሉ የጠየቀ የለም። መስቀሉ ተረሳ። ዳኘው ፎርማውን አጠፋለሁ አለ፤ ማንም አልሰማውም። ነገሩ ሁሉ መሪጌታን ተሳድቧል ወደሚለው ዞረ። ፍርዱም ተሰጠ፤ ድንጋይ ተሸክሞ መሪጌታን ይቅርታ ይጠይቅ። እስኪጠይቅ ድረስ አዲስ የተወለደችው ልጁ ክርስትና አትነሣም።

የልጅቱ ሰማንያ ቀን ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

«አይማሉም?» አለ ዳኘው። «እኔ እምላለሁ። ይማሉና ልሸከም።»

አባ ክንፈሚካኤል ራሳቸውን ነቀነቁ። «መሪጌታን አናስምልም። የተማረ ሰው አይማልም።»

«ለምን?»

«ቢማልና ሐሰት ቢሆንስ?» አሉ አንድ ሽማግሌ። ሌሎቹም ልክ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳኘው ይህን ሲሰማ ዐይኑ ደም ለበሰ። ሁሉም ያውቃሉ ማለት ነው! ወይም ያውቁ ዘንድ አይፈልጉም፤ ያው ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ» አሉት አባ።

«ልጄ ክርስትና እስክትነሣ ይጠራል ወይ?»

አባ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ።

ደስታነሽ ልጇን አቅፋ ደጅ ላይ ነበር የምትጠብቀው። የሆነውን ሲነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ከዚያ ፈነዳች።

«አንተ ሰው! አንድ ድንጋይ ነው! ሰው በሰው ሚስት ሄዶ ይሸከም የለም? ሰው ገድሎ ይሸከም የለም? አንተ ምንም ሳታደርግ ብትሸከም ምን ትሆናለህ?»

«ምንም ስላላደረግሁ ነዋ!»

«ልጄ ብትሞትስ? እንዲሁ ስም ሳይኖራት አፈር ልትገባ? ያኔ እውነትህን ይዘህ ትቀብራታለህ?»

ልጅቱ በዚያ ሰሞን ሳል ይዟት ነበር፤ ስትስል ደረቷ እንደ ወናፍ ይነፋ ነበር። ዳኘው ቢሸከም ልጁን ያድናል፤ ቢሸከም ግን ‹መሪጌታን በሐሰት ከሰስሁ› ማለቱ ነው፤ የመስቀሉ ነገር ለዘላለም በእሱ ላይ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ልጅቱም የማን ልጅ ትባላለች? የመስቀል አስረጋጩ፣ የቡዳው።

ያን ሳምንት መጭመቂያው ሥር እሳት አላነደደም። ተቀምጦ ፎርማውን ያያል፣ ይነሣል፣ ቆርቆሮውን በእርግጫ ይመታል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ካሰች በአጥሩ በኩል «ቆርቆሮው ምን አደረገህ?» ትለዋለች።

«አልካደኝም እሱ!» ይላታል።

ቅዳሜ ለአለቃው ላከ። «ነገ እሸከማለሁ» አለ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ዐጸዱ ውስጥ ካለው ዝግባ ሥር ተሰበሰበ። አባ ክንፈሚካኤልና ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው መቋሚያቸውን ጨብጠው መሃል ተቀመጡ፤ ይቅር ሊሉ ተዘጋጅተዋል፤ ይቅር ማለት ያምርባቸዋል።

ዳኘው በበሩ ገባ። ጎንበስ ብሏል። ማጅራቱ ላይ የተሸከመው ግን ድንጋይ አልነበረም። የሶሉ ፎርማ ነው፤ ሁለቱም ክፍል፣ ከነቡሎኑ፣ በጠፍር ታስሮ። መስቀሉን ከላዩ ላይ አላጠፋውም።

«ድንጋይ ነው የተባልኸው» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ድንጋይ አልሠራሁም። የሠራሁት ይህን ነው።»

አባ ክንፈሚካኤል ይሁን ብለው እጃቸውን አወዛወዙ። ዳኘው መሪጌታ ፊት ደርሶ አጎነበሰ። እንደ ወጉ በዳይ እንዲህ ሆኖ ይቆማል፣ ተበዳይ ጥቂት ዝም ይላል፣ ሰው ይለምንለታል፣ በመጨረሻ «ይቅር ብያለሁ፣ ጣለው» ይባላል፤ ይጥላል፤ እግር ይስማል፤ ነገሩ ያልቃል። የሚለምን ሳይመጣ መሪጌታ ቸኮሉ።

«ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ። ጣለው።»

ዳኘው አልጣለም።

«ጣለው ተብለሃል» አሉት አባ ክንፈሚካኤል።

«ሰምቻለሁ፣ አባቴ።»

«ታዲያ?»

«አልጥልም። ያዘዙኝ ማን እንደሆኑ ይናገሩና እጥላለሁ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ቆሞ ሳለ ጉባኤ አይነሣም፤ ሰው ትቶት አይሄድም፤ ነውር ነው። ይህ ወግ የተሠራው ተበዳይ ‹ጣለው› አልልም ብሎ በዳይን እንዳያስጨንቅ ነበር። ጣለው ተብሎ አልጥልም የሚል ሰው ይኖራል ብሎ ግን ወጉን የሠራ ሰው አላሰበም። ስለዚህ ሁሉም ተቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሊነሣ ከጅሎ ጎረቤቱ ነጠላውን ይዞ አስቀመጠው።

«የማንን በደል ነው የተሸከምኸው አንተ?» አሉ መሪጌታ፤ ፊታቸው ቀልቷል።

«የእርስዎን ነው፣ የኔታ። ከባድ ነው። ሲደክመኝ ያግዙኝ ይሆናል ብዬ ነው።»

ዝናቡ ጀመረ። መጀመሪያ ነጠብጣብ ነበር፤ ከዚያ የሐምሌ ዝናብ ሆነ። ዝግባው የሽማግሌዎቹን ራስ ብቻ ነው የጋረደው። ውሃ በፎርማው ላይ ወርዶ በዳኘው አንገት በኩል ወደ ጀርባው ይገባል፤ ጠፍሩ ማጅራቱን ልጦት ውሃው ቀላ። ንዴቱ ባይኖር ይወድቅ ነበር። በልጅነቱ የበላው አለንጋ፣ ያ በነጠላ የተሸፈነ የልጅ ፊት ሁሉ፣ ‹የተማረ ሰው አይማልም› ያለው አፍ፣ ይህ ሁሉ ከሥሩ ገብቶ ደግፎታል።

«መሪጌታ!» ጮኸች ካሰች ከሴቶቹ መካከል። «ቅኔ ሲዘርፉ መቼ እንዲህ ይዘገያሉ? አንዲት ቃል ናት እኮ!»

ደስታነሽ ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ ወጣች። ባሏ አጠገብ ቆመች። የባሏን አንገት አየች።

«ጣለው» አለችው። «አንተ ሰው፣ ልትሞት ነው። ጣለው በቃ። ለእሷ ስትል።»

የዳኘው ጉልበት ሊታጠፍ ምንም አልቀረውም። እጁ ወደ ጠፍሩ ሄደ።

መሪጌታ ይህን አዩና ተንፈስ አሉ። የደከመ ሰው ላይ ለጋስ መሆን ቀላል ነው።

«እንግዲህ…» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞር ብለው፤ «ሰው ብዙ ይናገራል። ምናልባት አንድ ቀን፣ በሌላ ነገር መካከል፣ ‹መስቀል መልካም ነው› ብዬው ይሆናል። ያልተማረ ሰው የሰማውን አጣሞ ቢሠራው…»

ደስታነሽ ቀና አለች።

«ምናልባት?» አለች። ድምፅዋ እንደ ጅራፍ ጮኸ። «ምናልባት ነው ያሉት? ልጄን በምናልባት ነው ከክርስትና ያገዷት?» ወደ ባሏ ዞረች። «አትጥለው!» አለችው። «ከወደቅህም ከነብረቱ ውደቅ!» ልጇን በአንድ እጇ አቅፋ በሌላው ብረቱን ከሥር ደገፈችው።

ካሰችም መጣች። እየተሳደበች ነበር፤ ማንን እንደምትሳደብ ግልጽ አልነበረም፤ በሌላው በኩል ገብታ ደገፈች። ከኋላ አንድ ገበሬ ተነሣ። ሌላም ተነሣ። አባ ክንፈሚካኤል ይህን ሁሉ አዩ፤ ከዚያ ያን ሳምንት ሙሉ ያላደረጉትን አደረጉ፤ ፊታቸውን ወደ መሪጌታ አዞሩ።

«ወንድሜ፣ ዝናቡ አይበቃም?» አሉ። «አላዘዝሁም ካሉ መስቀሉ እጄ ላይ ነው፤ ይምጡና ይጨብጡት። ካዘዙም ይናገሩ። ባለፈው ያልሁትን ትቻለሁ። የተማረም ሰው ይምላል።»

መሪጌታ መስቀሉን አዩት። መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እኔ ነኝ» አሉ፤ ከንፈራቸው ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

«አልሰማሁም» አለ ዳኘው።

«እኔ ነኝ አልሁ!»

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

«እኔ ነኝ!» መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ብድግ ብለው ጮኹ። «ሁሉም ላይ አድርግ ያልሁት እኔ ነኝ! ጭቃ መኖሩን ረሳሁ! በቃህ?»

በጎጃም አገር፣ በሐምሌ፣ ጭቃ መኖሩን ረሳሁ ያለ ሰው ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነው። አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ጉሮሮውን ጠራረገ።

ዳኘው ፎርማውን ጣለው። ጭቃው እንደ ጉድ ዋጠው፤ የቡሎኖቹ ራስ ብቻ ቀረ። እግር አልሳመም፤ ማንም ሳም አላለውም። ቀና ሊል ሞከረ፤ አልቻለም።

«በቃህ?» አሉት መሪጌታ ዳግመኛ፤ አሁን ድምፃቸው ደክሟል።

«አልበቃኝም» አለ ዳኘው ወደ መሬት እያየ። «ግን ልጄን ላስጠምቅ።»

በሰማንያ ቀኗ ልጅቱ ክርስትና ተነሣች፤ ወለተ ሥላሴ ተባለች። ካሰች የክርስትና እናት ሆነች፤ ጠጪዎቼን ከሃዲ ያደረገው ሰው ልጅ ናት እያለች አቅፋ ዞረች። መሪጌታ መዘምራኑን እየመሩ ነበር። ሥርዓቱ ሲያልቅ ሰዉ ሁሉ ወደ እሳቸው ቀርቦ ራሱን ዝቅ እያደረገ ሰላምታ ሰጠ። ዳኘውም ቀረበ። አንገቱ ግን ደርቆ እንደ ግንድ ሆኖ ነበር፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይዞርም፣ ዝቅም አይልም። ቀጥ ብሎ፣ ዐይን ለዐይን እያያቸው፣ «እንደምን አደሩ» አላቸው።

ሰዉ ኩራት ነው አለ። ዳኘው ሰማ። አንገቴን አሞኝ ነው ማለት ይችል ነበር፤ አላለም።